ጥርሴን ይዘሽ ሂጂ

ጥር 12

ይድረስ ለማከብርዎ እትዬ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ያንን ድምፅዎን አይንሳኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

እዚህ ባዕድ አገር የመጣሁበትን ትምህርት በጥሩ ውጤት ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ባለሙያ ነኝ ማለት ነው። ሥራ እስካገኝ አስተማሪዬ በማሠልጠኛው ወርክሾፕ አንድ ጠረጴዛ ለቀውልኛል፤ እዚያ እየሄድኩ እጄን አፍታታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ሄጄ ነበር። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ቀጣሪዎች በየጠረጴዛቸው ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሥራ ፈላጊው እየዞረ ራሱን ያስተዋውቃል። በጣም ጥሩ ነበር። ብዙ ሰው አነጋገርኩ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ በቅርቡ ይጠሩኛል ብዬ አስባለሁ። ስለ እኔ አያስቡ።

የመናኸሪያው ሾፌሮች አሁንም «እትዬ ማይክ» ይሉዎታል? ይጻፉልኝ።

ጭጬ


ጥር 29

ለጭጬ፣ ለማትናገረው ልጄ፣

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ። ከውሸትም ቢጠብቅሽ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የፖስታው ነገር። ስንት ጊዜ ልንገርሽ? የላኪ ስምና አድራሻ ጀርባው ላይ ይጻፋል! ፖስተኛው ደብዳቤሽን ባመጣ ቁጥር «ይሄኛው ደግሞ ከማን ነው?» እያለ ያፈጥብኛል። የሰረቅሽው ይመስል ስምሽን ትደብቂያለሽ። ከፍቼ ሳየውም «ጭጬ» ብቻ። እኔ ያወጣሁልሽን የቁልምጫ ስም ይዘሽ የእናት የአባትሽን ጣልሽው?

ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው አነጋገርኩ ትያለሽ። ማንን? ምን አሉሽ? ምን መለስሽ? እናትሽ የአክስቴ ልጅ ብቻ አልነበረችም፣ አሥራ ሰባት ዓመት አውቶብስ ከምጠራበት ማስታወቂያ ክፍሌ ሥር ትኬት ስትቆርጥ የኖረች ጓደኛዬም ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ እኔ ዘንድ ካርቶን ጀርባ ትወሸቂ ነበር። ውሃ ሲጠማሽ እንኳ በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ በመስኮቷ ታቀብያት እንደነበር የረሳሁ መሰለሽ? እንዲህ ያለች ልጅ «ብዙ ሰው አነጋገርኩ» ብላ ስትጽፍልኝ ዝም ብዬ እልል የምል አይደለሁም።

እውነቱን ጻፊ። እኔ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። መናኸሪያው ቀለም ሲቀባ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬልሻለሁ።

እትዬሽ


የካቲት 14

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንደምን ከረሙልኝ? በረከትዎ አይለየኝና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋሽቻለሁ።

አንድም ሰው አላነጋገርኩም። አዳራሹ በር ላይ ደረስኩ። ውስጡ ሕዝብ ነው፣ ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም እጅ ይጨባበጣል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ዞርኩ። ሰው እንዳያናግረኝ ከየጠረጴዛው እስክሪብቶ እያነሳሁ ሄድኩ፤ አሁን ክፍሌ ውስጥ አሥራ አንድ እስክሪብቶ አለ። አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብለው «ስምሽ ማነው?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው። ከዚያ መሬት አልውጥሽ ሲለኝ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። «አዳራሹ ሊዘጋ ነው» ብሎ ድምፅ ማጉያው እስኪናገር ድረስ አልወጣሁም። እዚያ ተቀምጬ እርስዎን አሰብኩ።

ያልነገርኩዎት ሌላም አለ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሰኔ 30 ያበቃል። እስከዚያ ቀን የቅጥር ወረቀት ካላመጣሁ መውጣት አለብኝ። ብመለስ ደግሞ የእናቴ ክፍል ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ በከተማችን የኔን ሙያ የሚሠራ ወርክሾፕ ገና የለም። እጄ የሚያውቀው ጥርስ ብቻ ነው። ስነቃ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ቀን ነው።

እኔ ከተናዘዝኩ እርስዎም ይናዘዙ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። በዚያ ሙቀት አፍዎን በሻርፕ ሸፍነዋል። ሲስቁ አፋቸውን የሚሸፍኑ ሰዎችን ለይቼ ማወቅ ሙያዬ ነው። ምን ሆነው ነው?

ጭጬ


መጋቢት 20

ልጄ፣

ይኸው ከወር በላይ ቆየሁ። ወረቀቱን አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እኔንም ያጽናኝ።

ጥር መባቻ ላይ ከማስታወቂያ ክፍሌ ስወርድ የብረት ደረጃው አዳለጠኝና በአፌ ተደፋሁ። የላይኛው የፊት ጥርሶቼ አራቱም ሄዱ። በቃ፣ ነገርኩሽ። የጥርስ ሐኪም ቤት በር ድረስ ሁለቴ ሄጄ ነበር። ወንበሩን በመስታወት ሳየው ላብ አጠመቀኝና ተመለስኩ። በማይክ ስናገር ያፏጫል። ሕዝቡ «ምን አለች?» እያለ አውቶብስ ያመልጠዋል። የመናኸሪያው ኃላፊ ጠርተው ጠየቁኝ፤ ጉንፋን ነው አልኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን!

አንቺ እኔን ደፋር አድርገሽ ነው የምታስቢኝ። ልንገርሽ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የተናገርኩት ለግድግዳ ነው። ከፊቴ ሰው ቢቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ለዚህ ነው ምሳዬን ሕዝቡ ሲቀንስ የምበላው፤ ለዚህ ነው ቤቴ ስልክ ያላስገባሁት። አንቺም ያንን ቁጥሩን የላክሽልኝን የክፍልሽን ስልክ ትራስ ጭነሽበት እንደምትኖሪ አውቃለሁ። ከማን ወረስሽው?

ግን አንድ ነገር ለምጃለሁ። ከመናገሬ በፊት ካርድ ላይ እጽፋለሁ። የማይኩን ቁልፍ ሳልጫን ሦስት ጊዜ እተነፍሳለሁ። ከዚያ ማን፣ ወዴት፣ መቼ። ከዚህ የዘለለ ቃል አልናገርም፤ ቁልፉን እለቃለሁ። አንቺም ይህንኑ አድርጊ። ማን ነሽ? ጥርስ ሠሪ። ወዴት? እነሱ ዘንድ መሥራት። መቼ? ዛሬ ቢሉሽ ዛሬ። ከዚያ ዝም በይ፤ ቀሪውን እነሱ ይናገሩ።

ደግሞ ሕዝቡ ሳይገባ ቀድመሽ ሂጂ፤ እኔ ሁልጊዜ የመናኸሪያውን ግቢ ቀድሜ ባዶውን አየዋለሁ። ሁሉንም ጠረጴዛ አትዙሪ፤ ሦስት ምረጪ፣ ስማቸውንም አስቀድመሽ እወቂ። ሲጨንቅሽ ወጥተሽ አየር ውሰጂ። ሽንት ቤት ግን እንዳትገቢ፤ አውቅሻለሁ፣ አትወጪም።

እትዬሽ


ሚያዝያ 4

ለማከብርዎ እትዬ፣

ምሕረቱን ያውርድልዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ጥርስ የምትሠራ ልጅ እያለችዎ ሦስት ወር በሻርፕ!

ከዚህ ጋር ትንሽ ሣጥን ልኬያለሁ። ነጭና ሰማያዊ ሊጥ አለ። እኩል እኩል አንድ ላይ ያሹት፣ ቀለሙ አንድ ሲሆን በማንኪያ መሳዩ ብረት ላይ ሞልተው የላይኛውን ድድዎን ይጫኑበት። አምስት ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይቆዩ፤ አይናገሩ። ሲደርቅ ነቅለው ይላኩልኝ። ወንበር የለም፣ ሐኪም የለም፣ የሚያይዎትም ሰው የለም።

ሁለተኛው አውደ ርዕይ ግንቦት 24 ነው፤ ያው ፖስታ ቤቱ አጠገብ ያለው አዳራሽ። ከዚያ በኋላ ሌላ የለም። ሦስት ወርክሾፖች መርጫለሁ። ካርዱንም ጽፌ ወርክሾፑ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ላሉት የጄሶ መንጋጋዎች አነበብኩላቸው። አንዳቸውም አልሳቁብኝም። ግን እነሱ ዓይን የላቸውም። እፈራለሁ እትዬ። ቀኑን እያሰብኩ ሰሙን እቆርጣለሁ ብዬ ጣቴን ቆረጥኩ።

ጭጬ


ሚያዝያ 25

ለልጄ፣

እጅሽ ይባረክ፣ ጣትሽም ይዳን። ልኩን ልኬልሻለሁ፤ ግን ምን ጉድ እንደሠራሁ ስሚ።

ሰው እንዳያየኝ ብዬ ማስታወቂያ ክፍሌ ውስጥ ቆልፌ ሊጡን ነከስኩ። አንደኛው ደቂቃ ላይ ትን አለኝ። «እምምም! እምምም!» እላለሁ፤ ክርኔ የማይኩን ቁልፍ ተጭኖት ኖሯል። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ! ሾፌሮቹ «እትዬ ማይክን አነቋት!» ብለው ደረጃውን ግልብጥ ብለው ወጡ፣ ኃላፊው ከኋላቸው። በሩን ብከፍት አፌ ሰማያዊ ሊጥ፤ ብናገር ልኩ ሊበላሽ። አምስት ደቂቃ እስኪሞላ በጣቴ እየቆጠርኩ አፍጥጬባቸው ቆምኩ። ከፊቴ ዘጠኝ ሰው! ሞትኩ ብዬ ነበር፣ አልሞትኩም። ይህን ያዢልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉንፋኑ አከተመ፤ ኃላፊው ሁሉንም አወቁ። ከሐምሌ ጀምሮ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ሊገባ ነው ይላሉ። ካልተስተካከልኩ ትኬት ቁጥጥር ላይ ያዛውሩኛል፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ፊት። ያንን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

አንድ ልመና አለኝ። ፍንጭቴን እንዳትደፍኚው። ከነፍንጭቴ ነው የማውቀኝ።

ሌላም አስቤያለሁ። ጥርሴን ከመላክሽ በፊት ወደዚያ አዳራሽ ይዘሽው ሂጂ። አፍሽ እምቢ ካለሽ እጅሽ የሠራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪላቸው። ፖስታ ቤቱ አጠገቡ ነው ብለሽ የለ? ስትጨርሺ ትልኪልኛለሽ። እኔ ያለ ጥርስ ጥቂት ቀን ብቆይ ምንም አልሆንም።

እትዬሽ


ግንቦት 25

እትዬ፣

ሰላምታ ለማቅረብ እንኳ ፊት የለኝም። ጥርስዎን ጥዬው ሸሸሁ።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌ ነበር። ሠራተኞቹ ገና የኤሌክትሪክ ገመድ ሲዘረጉ ደረስኩ። ባዶውን አዳራሽ ዞሬ አየሁት፣ ሦስቱን ጠረጴዛዎች ለየሁ። መጀመሪያው ላይ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ፣ ካርዱን አነበብኩ። ሰውየው «ወረቀትሽን ተዪልን» አለኝ፣ ተውኩለት። አልሞትኩም። ወጥቼ አየር ወሰድኩ። ሁለተኛው ጋ ሰው ስለበዛ አለፍኩት።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሽማግሌ የወርክሾፑ ባለቤት ቆመዋል። ማን፣ ወዴት፣ መቼ አልኩ። ከዚያ ለፖስታ ያሸግሁትን ሣጥን ከፍቼ ጥርስዎን አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። አገላብጠው አዩት፣ ውስጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ምንም አይሉም። እርስዎ ዝም በይ ስላሉኝ እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ሠራተኞቻቸውን ጠሩ፣ ለእነሱም አሳዩ። አንደኛው ፍንጭቱን አይቶ ሳቀ። መንገደኛም ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ከዚያ ሽማግሌው ቀና ብለው ጮክ ብለው «ይህንን የሠራው ማነው?» አሉ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በትምህርት ቤት ጥርስ ቀጥ ብሎ፣ ገጥሞ፣ ነጥቶ ነው የሚሠራው ብለው ነው ያስተማሩን። እኔ ፍንጭቱን ትቼ፣ ጠርዙን እንደ ድሮው ትንሽ ሞርጄ፣ ቀለሙንም እኔ የማውቀውን የእርስዎን ጥርስ አስመስዬ ነበር የሠራሁት። ጥፋት መሰለኝ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። ሦስት መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው እጄ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ስመለስ ጠረጴዛዎቹ ታጥፈዋል፣ ሰው የለም።

ሣጥኑ ላይ የእርስዎ አድራሻ እንጂ የኔ ስም የለም። እንደ ልማዴ አልጻፍኩትም። እርስዎ ያለ ጥርስ ቀሩ፣ ማሽኑም ሊገባ ነው። ሌላ ልሠራ ብል የማሠልጠኛውን ወርክሾፕ ለቀጣዩ ዙር ሊያድሱት ነገ ይዘጉታል። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅዎ አላውቅም።

ጭጬ


ሰኔ 13

እትዬ፣

ደብዳቤዬ ገና አልደረሰዎት ይሆናል። ወይም ደርሶዎት ተቀይመውኛል። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

የሽማግሌው ወርክሾፕ በር ላይ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። አረንጓዴ በር ነው፣ ደወሉ በስተቀኝ። «ጥርሱን መልሱልኝ» ብቻ ነበር የምለው። ጣቴን ደወሉ ላይ አድርጌ ቆሜ፣ ውስጥ ሰው ሲራመድ ስሰማ ተመለስኩ።

ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ስልኩ ይጮኻል። አንድ ቀን ሙሉ፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጮኻል። ለእኔ የሚደውል ሰው የለኝም። የፈቃድ ቢሮው ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? ሁለተኛ ትራስ ጨመርኩበት። አሁን ስጽፍልዎ እንኳ ከሥሩ ይሰማኛል። ሻንጣዬን ግማሽ ሞልቻለሁ። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶኛል።

ጭጬ


ሰኔ 14

ጭጬ! አንቺ ልጅ!

ሰላምታው ይቆየን። ስልኩን አንሺ!

ይህ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ። ግን እጄ ሥራ ካልያዘ የማደርገውን አጣለሁ፤ እየደወልኩ እጽፋለሁ፣ እየጻፍኩ እደውላለሁ። በኃላፊው ቢሮ ስልክ ነው። ኃላፊው ከፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ አንቺ ግን አታነሺም።

ሣጥኑ መጥቶልኛል! የሸሸሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት። ጥርሴ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ደብዳቤ። ቋንቋውን ስለማላውቀው የሚያነብልኝ ፍለጋ ሦስት ቀን ዞርኩ፤ በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ተረጎመልኝ። ሽማግሌሽ እንዲህ ይላሉ፦ «ይህን ጥርስ የሠራችው ልጅ ስሟን ሳትነግረን ሄደች። የተሠራው ለመጽሐፍ ሳይሆን ለሰው ነው። ሠራተኛዬ ደስ ብሎት ሳቀ፤ ሳይከፋት አይቀርም። ሣጥኑ ላይ ያለው የእርስዎ አድራሻ ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ ልኬያለሁ። የሚያውቋት ከሆነ እስከ ሐሙስ ሰኔ 22 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወደ አረንጓዴው በራችን እንድትመጣ ይንገሯት። ከዚያ በላይ ቦታውን ማቆየት አልችልም። ጠረጴዛዋ ከኋላ መስኮት ሥር ነው፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም።»

ስምሽን ጀርባው ላይ ጻፊ እያልኩ ስለምን አልነበር? አንድ መስመር ብትጽፊ ኖሮ ሰውየው አንቺን ራስሽን ያገኙሽ ነበር። አሁን መንገዱ እኔ ሆንኩ፤ ስልክ ይዛ የማታውቅ ሴት!

ዛሬ ስደውል ይህ አሥራ አራተኛዬ ነው። ፈጣሪ ሆይ፣ የዚህችን ልጅ ትራስ አንሣልኝ።

እትዬሽ


ሰኔ 23

ይድረስ ለማከብርዎ፣ ለማመሰግንዎ፣ ለእትዬ፣

ዕድሜዎን ያርዝመው። ያ ስልክ እንዴት እንደተነሳ ልንገርዎ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ስዘጋ እንደገና ጮኸ። መጮኽ ከጀመረ ሳምንቱ ነበር። እኔም ማልቀስ ሰልችቶኝ ነበር። ያው መባረሬን ነው የሚነግሩኝ፣ ይንገሩኝና ልረፍ ብዬ ትራሶቹን አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። አነሳሁት፤ ግን ሃሎ ማለት አቃተኝ።

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ካርድ ሲገለበጥ ሰማሁ፤ ያንን ድምፅ በሕልሜም አልስተውም። «ትኩረት፣ ትኩረት! ወደ ጥርስ ወርክሾፕ የምትሄድ ተሳፋሪ ጭጬ! መነሻሽ ሐሙስ ሰኔ 22 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። መሳፈሪያሽ አረንጓዴው በር ነው። ጥርሱ በሰላም ደርሷል። ተሳፋሪ በሰዓቱ ተገኚ። አበቃሁ።»

እትዬ፣ አንድም ፊደል አላፏጨም። እኔ «ሰማሁ» ብቻ አልኩ፤ እርስዎም ዘጉት። ከዚያ በላይ ብንናገር ሁለታችንም የምንወድቅ ይመስለኛል።

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተሻገርኩ። ጣቴን ደወሉ ላይ አደረግሁ፤ ውስጥ ሰው ሲራመድ ተሰማኝ። መሸሽ ፈለግሁ፣ እውነቴን ነው። እርስዎ አፍዎ በሊጥ ተሞልቶ ከዘጠኝ ሰው ፊት ሲቆሙ ታየኝና ተጫንኩት።

ሽማግሌው ናቸው የከፈቱልኝ። «ለምን ሸሸሽ?» አሉኝ። «ፈራሁ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ወደ ኋላ መስኮት ወሰዱኝ፣ የሰም ቢላዋ ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሠራ ማንም አላናገረኝም። ከዚያ የቅጥር ወረቀቱን አውጥተው «ስምሽን ንገሪኝ፣ ሣጥኑ ላይ አጥቼዋለሁ» አሉ። መጀመሪያ ድምፄ ስላልወጣ ሁለት ጊዜ ተናገርኩት።

ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ለፈቃድ ቢሮው አስገብቻለሁ። የሦስት ወር ሙከራ ነው። አሁንም እፈራለሁ፤ ነገ ሲነጋም እፈራለሁ። ግን ሻንጣዬን ፈትቻለሁ።

ጥርሱ ድድዎን የሚፈገፍግዎ ቦታ ካለ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይላኩልኝ፣ አስተካክዬ እመልሳለሁ። ለኃላፊውም ማሽኑን እንዳይገዙ ይንገሯቸው፤ ካልሰሙዎት በማይክ ይንገሯቸው።

አሁን ደብዳቤውን ይጠፉትና ፖስታውን ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩ የወርክሾፑ አድራሻ አለ። ለፖስተኛው ያሳዩልኝ።